ግድግዳውን የነካው ቧንቧ

ይድረስ ለምወድሽና ለምቀናብሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ደረቅ ሳልሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ልትስቂ ስትይ ይቀድምሻል? ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰሽ መስታወት ስታስተካክዪ እንደምትውዪ ጽፈሽልን ነበርና ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? የክፍልሽ ማሞቂያ ተሠራ? ብርድ ስትሠራ የምትውል ሴት ቤቷ ገብታ በብርድ የምትንቀጠቀጥበት ምክንያት ለእማማ እስከ ዛሬ አልገባትም። በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በየሳምንቱ ሥራዋ ሌላ ቤቷ ሌላ እላታለሁ። እሷ ግን ከሥራሽ ላይ ትንሽ ሙቀት ቆንጥረሽ ይዘሽ እንድትወጪ ትመክርሻለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ከወገቡ በቀር፣ እማማ ከዓይኗ በቀር፣ እኔ ከጠባዬ በቀር ደህና ነን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የታጠፈ አሮጌ ወረቀት ታገኛለሽ። ጀርባው ላይ በእርሳስ የተሣለ ነገር አለ። ችኩል መሆንሽን ስለማውቅ መጀመሪያ ሥዕሉን አይተሽ ሄደሽ ግድግዳሽን ፈትሺ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ቀሪውን አንብቢና እንደ ልብሽ ተቆጪኝ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን። ዓይኔን በጨው አጥቤ ከማወራሽ በወረቀት ይቀለኛል። በፖስታም አልላክሁትም፤ እናንተ ዘንድ ለስብሰባ የምትመጣው የሰፈራችን ፋርማሲስት በእጇ ይዛልሻለች። አንድ ቁራጭ ላስቲክም አብራ ይዛለች። ላስቲኩ ምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

በታኅሣሥ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶናል። ደርሶናል የምልሽ ዛሬ ነው እንጂ ከደረሰስ ቆየ። እንደ ልማዳችን እኔ ጮክ ብዬ ለአባባ አነበብኩለት። የመጀመሪያውን ገጽ እየሳቅን አለፍነው። ሁለተኛው ላይ ችግርሽን ጻፍሽ። ሌዘሩ በትክክል ይበራል፤ አቶሞቹ ከየአቅጣጫው በብርሃን እየተገፉ ሩጫቸውን ይቀንሳሉ፤ አየር በተመጠጠለት የብርጭቆ ሳጥን መሐል ይሰበሰቡና የአሸዋ ቅንጣት የምታክል ቀዝቃዛ ደመና ይሆናሉ። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ሁሉ ነገር አማን ነው። ከዚያ ድንገት ደመናዋ ትሞቃለች፤ ትበተናለች። ስድስት ሰባት ደቂቃ እንዲያ ስትበጠብጣችሁ ትቆይና ማንም ሳይነካት ደህና ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ይብስባታል፤ እሑድ እሑድ ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰላም ነው። ሌዘሩን ቀየራችሁ፤ መስታወቶቹን አንድ በአንድ አጠባችሁ፤ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ሳይቀር ለወጣችሁ፤ ወይ ፍንክች። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተስተካከለ ውልሽ እንደማይታደስ፣ ክፍሉም ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ይህን ያህል ዓመት የለፋሽበት በዚያው እንደሚያበቃ ጻፍሽ። ከግርጌው ደግሞ እንደ ቀልድ አድርገሽ፣ ጋሼ አንተ የማሽን ጠባይ ታውቃለህና እስቲ ምን ትላለህ አልሽኝ።

እህቴ፣ ያቺን መስመር አንብቤ ሳልጨርስ መልሱን አውቄው ነበር።

አሥራ አምስት ደቂቃ የሚያርፍ፣ ስድስት ደቂቃ የሚሠራ፣ ሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ በሚውልበት ሰዓት ቶሎ ቶሎ የሚነሣ፣ እሑድ በር የሚከፍት ሲጠፋ ደግሞ ተንፈላሶ የሚተኛ ነገር እኔ የማውቀው አንድ ነው። ማቀዝቀዣ ነው። ከግድግዳሽ ጀርባ ትልቅ ማቀዝቀዣ አለ። የምግብ ቤት የሥጋ ክፍል ይሁን የሌላ ላቦራቶሪ መድኃኒት ማስቀመጫ አላውቅም፤ መኖሩን ግን አውቃለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ያን ድምፅ ሳዳምጥ ኖሬ እንዴት ይጠፋኛል? ጠረጴዛሽ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ስለሆነ የወለል ንቅናቄ አይደርስበትም ብለሽ በአንድ ወቅት አስረድተሽኛል። ይንሳፈፍ። ደመናዋን የሚይዙትን የማግኔት ጥቅል ሽቦዎች የሚያቀዘቅዘው የውሃ ቧንቧሽ በአንድ ጫፉ ጠረጴዛውን፣ በሌላው ግድግዳውን ነክቶ ከሆነ ግን መንሳፈፉ ምን ይረባዋል?

የወርቅ ሠሪውን ታሪክ ሳልነግርሽ አልቀረሁም። ሚዛኑ በቀን ብዙ ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ሲያስቸግረው ከሸሪኩ ጋር አንተ ነህ የነካካኸው፣ አንተ ነህ እየተባባሉ ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር። ለካ የጎረቤቱ ሥጋ ቤት የፍሪጅ ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ በተነሣ ቁጥር ቧንቧው ግድግዳውን አልፎ የሚዛኑን መደርደሪያ ይነካ ነበር። መኪና ጎማ ውስጥ ከሚነፋው ከከመነዳሪ ላስቲክ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ቆርጬ ከቧንቧው ሥር ወተፍኩለት። ሚዛኑም ዝም አለ፤ ሁለቱም ታረቁ። ስለዚህ ያንቺን ደብዳቤ እንዳነበብኩ ወደ ፍሪጅ ጥገና ቤታችን ወረድኩና እዚያው ደብዳቤሽ ጀርባ ላይ ግድግዳውን፣ ቧንቧውን፣ ጠረጴዛውን ሣልኩ። ላስቲኩ የሚገባበትን ቦታ ከበብኩት። ግማሽ ሰዓትም አልፈጀብኝ። ከዚያ አጠፍኩትና ከመሳቢያው ውስጥ ከአሮጌ ቴርሞስታቶች ሥር ከትቼ ቆለፍኩበት። አራት ወር እዚያ ከረመ።

ለምን ትይኝ ይሆናል። ቅናት ነው። ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ አላገኘሁም።

ደብዳቤሽ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ያን ቪዲዮ አይተን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ተሰብስቦ፣ የፋርማሲስቷ ስልክ በስኳር ዕቃ ላይ ተደግፎ። መስታወትና ሽቦ ከሞላበት ጠረጴዛ ፊት ቆመሻል፤ ጠያቂው ወደዚህ ሙያ እንዴት እንደገባሽ ይጠይቅሻል። አንቺም አባቴ የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፣ ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ብርድ የምንለው ሙቀቱ ሲወጣ የሚቀረውን ነው ብሎ በልጅነቴ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ሥራዬ ሁሉ ከዚያች ቃል ተነሣ አልሽ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አባባ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገ። እየተነሡ እጁን ጨበጡት። እኔ መፍቻዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ የእኔን እጅ የጨበጠ የለም፤ ቅባት ስለነበረበትም ይሆናል።

እህቴ፣ ያን ቃል የነገርኩሽ እኔ ነኝ። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አንቺ ዘጠኝ። የጥርስ ሐኪሙ ፍሪጅ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሠራ እጅሽን አስጠግተሽ አቃጠለሽና ጋሼ፣ ፍሪጅ ለምን ይሞቃል አልሽኝ። እኔም ከአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፌ ያገኘሁትን ነገርኩሽ፤ ብርድ አይሠራም፣ ሙቀት ነው የሚወጣው፣ የወጣው ሙቀት ደግሞ ይኸው ጀርባው ላይ ነው አልኩሽ። አባባ ያን ጊዜ ቤት አልነበረም። ከመሰላል ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ ሆስፒታል የተኛበት ሳምንት ነው። ሳምንቱን የማልረሳው ለዚህ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለስኩምና። የጥገና ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። መጽሐፉን አንቺ ወሰድሽው፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስሜን እንኳ አልፋቅሽም፤ ፊደሉ ያምራል ብለሽ ተውሽው።

ከዚያ በኋላ የሄድሽበትን መንገድ ሁሉ እርምጃ በእርምጃ እየቀናሁ ተከተልኩሽ። ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ ሻንጣሽን የተሸከምኩት በደስታ ከመሰለሽ እጀታውን እንዴት እንደነቀልኩት አስታውሺ። ውጭ ሄደሽ መጀመሪያ ሁለት ዓመት የብረት ቱቦ በአልኮል ስታጥቢ ኖርሽ፤ እሰይ፣ እሷም እንደኔ ቧንቧ ታጥባለች ብዬ አንጀቴ ራሰ። ከዚያ ሌዘር ሰጡሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ብሎን የፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ግራ፣ የፀጉር ውፍረት ያህል ወደ ቀኝ ስታዞሪ እየሰማሁ፣ አይሳካላትም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ደግሞ አንቺ ቁንጥንጧ! ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንዲት ጉርሻ ያልጨረስሽ፣ ፀጉርሽ እንዲሠራ በእማማ ጉልበት መሐል ትታሰሪ የነበርሽ፣ በስንት አገር ሰው መሐል አቶም ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ላንቺ ይሰጥሽ?

ተሳካልሽ። ደመናዋን መጀመሪያ በካሜራ ያየሽ ቀን ደውለሽ አለቀስሽ። ብርድ ወለል አለው፣ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ዲግሪ ላይ ነው፣ ከዚያ ወዲያ መውረድ አይቻልም፣ እኔ ከወለሉ የአንዲት ዲግሪ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ከፍ ብዬ ደረስኩ አልሽን። እኔ ያን ቀን ሁለት ሰው ሞክሮ ያቃተውን የሥጋ ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት አድርሼ፣ ባለቤቱ አመስግኖኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። እራት ላይ ላወራው አስቤ ነበር። አላወራሁትም። ከአንቺ ቁጥር አጠገብ አሥራ ስምንት ተብሎ ይወራል?

መጋቢት ላይ ስትደውዪ ደግሞ ድምፅሽ ቀጥኖ፣ ጋሼ እንግዲህ ምናልባት እመለሳለሁ፣ ጥገና ቤት ሥራ ትሰጠኛለህ ወይ ብለሽ ሳቅሽ። ሳልሸሽግ ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እያፏጨሁ ነው ሥራ የገባሁት። ሁለት ቀን ሙሉ ፊቴ ሲበራ ሚስቴ ምን አግኝተህ ነው አለችኝ። በሦስተኛው ቀን የሥራ ጠረጴዛሽን የት እንደማደርግልሽ በልቤ ስለካ ራሴን አገኘሁት። ከእኔ ጠረጴዛ በአንድ ስንዝር ዝቅ ያለውን ነበር የመረጥኩልሽ። ያኔ አፈርኩ። አፈርኩ እንጂ አሁንም አልጻፍኩልሽም።

ባለፈው ሳምንት አባባ የቴርሞስታት ዕቃ ሲፈልግ መሳቢያውን ከፈተው። እኔ ቆለፍኩት ብዬ እኮራለሁ፤ ጥገና ቤቱ የእሱ መሆኑንና ሌላ ቁልፍ እንዳለው ረስቼ። አባባ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ቢያቅተውም ሥዕል ማንበብ አይከብደውም። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ቧንቧውን በጣቱ ተከትሎ ሄደና ላስቲኩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ይኼ የማን ቤት ነው አለኝ። የእሷ ነው አልኩት። መቼ ላክህላት አለኝ። አልላክሁም አልኩ። መቼ ሣልከው ሲለኝ ታኅሣሥ ላይ አልኩት። እኔን ቢመታኝ በወደድኩ ነበር፤ አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ ነኝ፣ እችለው ነበር። እሱ ግን ኮምፕረሰር የመጣበት የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ ያለኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። ያቺ ቃል የአንተ እንደነበረች አውቃለሁ፣ እኔ ያን ጊዜ ሆስፒታል ነበርኩ፣ ብርድ ምን እንደሆነ እኔ ራሴ የሰማሁት ከአንተ ነው አለኝ። ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ አልኩት። አርባ ዓመት የሰው ፍሪጅ ስጠግን ለሥራዬ ብሎ ተነሥቶ እጄን የጨበጠኝ አልነበረም፣ ሲጨብጡኝ ደስ አለኝና ዝም አልኩ፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ አይቼሃለሁ አለ። እኔ አራት ወር ሙሉ የእሱን ዝምታ በልቤ ሳመላልስ ከርሜያለሁ። የእኔው ዝምታ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን አንድም ቀን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ከመነዳሪውን ከምስማሩ አውርዶ ላስቲኩን የቆረጠው እሱ ነው። ጠርዙ ቀጥ አላለም። አላስተካከልኩትም።

እንግዲህ ወደ ሥራው። መጀመሪያ ማሽኖችሽን አጥፊና ጆሮሽን ግድግዳው ላይ ለጥፊ፤ ሲነሣና ሲተኛ በሰዓት ያዢው፤ ደመናዋ ከምትበተንበት ሰዓት ጋር አስተያዪው። ከጀርባ ያለው ክፍል የማን እንደሆነ ጠባቂውን ጠይቂ፤ ጠባቂ ሁሉን ያውቃል፤ ፕሮፌሰሮቹን አትጠይቂ። ከዚያ ቧንቧው ግድግዳውን የሚነካበትን ቦታ በጣትሽ ፈልጊ፤ ሞተሩ ሲነሣ እንደ ድመት ያንኮራፋብሻል። ማሰሪያውን አላልተሽ ላስቲኩን ሁለት ዕጥፍ አድርገሽ ወትፊና መልሰሽ እሰሪው፤ ግን እስኪጮህ አታጥብቂው፤ ካጠበቅሽው ላስቲኩ ድንጋይ ይሆንና ልፋትሽ መና ይቀራል። ላስቲክማ እዚህም ሞልቷል ትይ ይሆናል። ይሙላ፤ አንቺ ይኼኛውን አድርጊ። ተሳስቼ ከሆነ ደግሞ እየሳልሽም ቢሆን ሳቂብኝ።

ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም። ደመናሽ ከተመለሰች፣ ውልሽ ከታደሰ፣ ስምሽ ጋዜጣ ላይ ከወጣ፣ እኔ እንደገና እቃጠላለሁ፤ ጠባዬ ነው፤ ከእንግዲህ የሚድን አይመስለኝም። ከአሁን ወዲያ ግን ቃጠሎዬን ራሴ ጋ ይዤ መልሱን እልክልሻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ጠያቂ ከመጣብሽ ደግሞ እንዳትረሺኝ። ወንድም አለኝ በይ፤ ጠባዩ ክፉ ነው ብለሽ ብትጨምሪበትም አልከፋም። ያንን የድሮውን ቪዲዮ ግን ተይው፤ ላስተካክል፣ ይቅርታ ልጠይቅበት እንዳትይ። አባባ ጠዋት ጠዋት ጥገና ቤቱን ከመክፈታችን በፊት ያየዋል። ስልኩን የማስደግፍለት እኔ ነኝ።

እማማ ሁለቱንም ጉንጮችሽን ትስምሻለች፤ ላስቲኩን በወፍራም ካልሲ ጠቅልላ ያሸገችው እሷ ስለሆነች ካልሲውን እንዳትጥዪው። ሚስቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ እስከዚህ የጻፍኩትን ካነበበች ወዲህ ከእኔ ጋር ኩርፊያ ላይ ናት፤ አራት ወር ከማን ጋር ነው የኖርኩት ትላለች። ልጄ፣ ያቺ ጥያቄ ብለን የምንጠራት፣ የአክስቴ ደመና ምን ትበላለች ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች። ባለፈው ሰሞን እሷም የፍሪጅ ጀርባ ነክታ ለምን ይሞቃል አለችኝ፤ ነገርኳት። ስታድግ ማን እንደነገራት እንዳትሳሳት ግን ቀኑን ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። አባባም ሰላም ይልሻል። ቃሉ የወንድምሽ ነው ብለህ ጻፍ ብሎኛል፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

ላስቲኩ ከሠራ መጀመሪያ ለእኔ ጻፊልኝ። ለአባባ እኔ አነብለታለሁ።

ወንድምሽ

ከጥገና ቤቱ፣ መሳቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ
ሚያዝያ ፱ ቀን